«ብርሃን» በቀድሞዎቹ የዐማርኛ ጋዜጦች፤ የአንድ ቃል ታሪክ

የጋዜጣ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የአዘጋጆቹን፣ የማተሚያ ቤቶቹንና ፈቃድ ሰጪ የሆነውን መንግሥት ታሪክ በመከተል ነው። ጋዜጦቹ የጻፉበት ቋንቋ ግን ራሱ ታሪክ አለው፤ ይህም ታሪክ ገና ብዙ ሠራተኛ ይፈልጋል። አንድ ጸሐፊ ስለ ምን እንደ ጻፈ ከማወቅ ይልቅ፣ በየትኛው ቃል እንደ ጻፈ ማወቅ አንዳንድ ጊዜ ስለ ዘመኑ አሳብ የበለጠ ያስተምራል። ጸሐፊው ርእሱን አስቦ ይመርጠዋል፤ ቃሉ ግን ብዙ ጊዜ ሳያስበው ከአፉ ይወጣል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እርሱም ባላገሩም ከተሜውም በየቀኑ የሚናገረው «ብርሃን» የሚለው ቃል ነው። የምናስረዳውም እንዲህ ነው። ይህ ቃል በቀድሞዎቹ ጋዜጦች አማካይነት አዲሱን ትምህርት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አሳልፎ አስገባው፤ ባዕድነቱንም አስረሳለት። ነገር ግን ያንኑ ሥራ ሲሠራ ሕዝቡን በብርሃን ያለና በጨለማ ያለ ብሎ ለሁለት ከፈለው። የመጀመሪያው ጥቅም ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ሁለተኛው ዋጋ ግን እምብዛም አልተነገረም።

አስቀድመን ቃሉን በቤቱ እንየው። በግእዝ «በርሀ» ከሚለው ግስ ወጥቶ በዐማርኛ ብዙ ልጆችን ወልዷል፤ በራ፣ አበራ፣ አብራራ፣ ብሩህ፣ ብራ፣ መብራት ሁሉ ከዚያው ሥር የበቀሉ ናቸው። በዕለት ንግግር ሰው «ብርሃን ሳለ እንግባ» ይላል፤ ዐይኑ የጠፋበትን ሰው «ዐይነ ብርሃኑን ዐጣ» ይለዋል፤ የተሰወረ ነገር ሲገባው «በራልኝ» ይላል። ከእነዚህ መካከል ሁለቱን ቃላት፣ «መብራትን» እና «ብርሃንን»፣ መለየት ይጠቅመናል። መብራት መሣሪያ ነው፤ ኩራዙም፣ ጧፉም፣ ኋላም የኤሌክትሪኩ አምፑል መብራት ይባላል። መብራት ይገዛል፣ ይለኰሳል፣ ይጠፋል። ብርሃን ግን ይወጣል፣ ይገለጣል፣ ይሰጣል እንጂ አይገዛም። የኤሌክትሪክን ኃይል የሚያድለው ድርጅት በሕዝብ አፍ «መብራት ኃይል» ተብሎ ሲጠራ፣ ጋዜጦቹና ትምህርት ቤቶቹ «ብርሃን» የተባሉት በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። የእጅ ሥራ የሆነው ነገር መብራት ተባለ፤ ከላይ የወረደ መስሎ የታየው ነገር ብርሃን ተባለ።

ቃሉ ወደ ጋዜጣ ከመድረሱ በፊት ረጅም የቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥት ታሪክ ነበረው። በ4ኛው መቶ ዓመት ከእስክንድርያ ተሹሞ የመጣው የመጀመሪያው ጳጳስ ፍሬምናጦስ በትውፊታችን የሚታወቀው «አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን» በሚል ስም ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን የታየበትን ቦታ «ደብረ ብርሃን» ብለው ሰየሙ፤ በእርሳቸውም ስም የሚታወቀው፣ በየሰንበቱና በየበዓሉ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ የታዘዘው ትምህርት «መጽሐፈ ብርሃን» ይባላል። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ዐፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ በጎንደር ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን «ደብረ ብርሃን ሥላሴ» ተብሏል። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛው፣ ብርሃን ማለት ትምህርት ማለት መሆኑ ከአውሮፓ የመጣ አሳብ አይደለም። ሁለተኛው፣ ንጉሥ በብርሃን ስም ጽሑፍ አስጽፎ ወደ ሕዝቡ መላኩ ከጋዜጣ ዘመን አስቀድሞ የታወቀ ሥርዐት ነበረ። «መጽሐፈ ብርሃን» የዘመኑ ሰው በየሰንበቱ የሚሰማው የቤተ መንግሥት ድምፅ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው የዐማርኛ ጋዜጣ በዚህ ቃል አልተጠራም። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ አንድሬያስ ካቫዲያ የተባለ የግሪክ ተወላጅ ያዘጋጀው ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ ይታደል ነበር፤ ስሙንም «አእምሮ» ብለው ያወጡለት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። አእምሮ «አእመረ»፣ ማለት «ዐወቀ»፣ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። በሐረር የካቶሊክ ሚስዮን ከ1905 እስከ 1914 እ.አ.አ. ያሳትመው የነበረው የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ደግሞ ስሙን ከወንጌሉ የዘሪው ምሳሌ ወስዶ «የኢትዮጵያ ዘሪ» ተባለ። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሦስት ምሳሌዎች በፊታችን ቆመዋል፤ የሚያውቅ ሰው፣ የሚዘራ ሰው፣ የሚበራ ብርሃን። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ዐዋቂው በራሱ ይደክማል፤ ዘሪው መሬቱን ይፈልጋል፣ ዝናሙን ይጠብቃል፤ ብርሃን ግን ሲወጣ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታያል። ከሦስቱ ብርሃን ማሸነፉ ለምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ቃሉ በኅትመት ርእስነት ቀድሞ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ አሥመራ ነው። በ1912 እ.አ.አ. በዚያ በስዊድን ሚስዮን ማተሚያ በታተመው «ብርሃን ይሁን» በተባለው መድበል ውስጥ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተሰኘው ድርሰት ወጣ። የመድበሉ ስም የኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው፤ በውስጡ ያለው ድርሰት ግን ስለ መንግሥት ሥራት፣ ስለ ግብርና ስለ ሹመት የሚናገር ዓለማዊ ጽሑፍ ነው። ሽፋኑ ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ውስጡ ከአዲሱ ትምህርት ሆነ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል የተሠራበት ዘዴ በዚህች አንዲት መድበል ላይ ቀድሞ ይታያል።

ቃሉን ወደ አደባባይ ያወጣው ግን «ብርሃንና ሰላም» ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በዚህ ስም በ1914 ዓ.ም. ማተሚያ ቤቱን አቋቋሙ፤ የጋዜጣውም የመጀመሪያ ቍጥር ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. ወጣ። አዘጋጁ አቶ ገብረ ክርስቶስ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፤ ጋዜጣውም በየሳምንቱ ሐሙስ እየታተመ እስከ ጠላት ወረራ ድረስ ቈየ። ከ1 ዓመት ከጥቂት ወራት በፊት፣ በ1916 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ ኢትዮጵያ በመንግሥታት ማኅበር አባልነት ገብታ ነበር፤ አልጋ ወራሹም ከአውሮፓ ጉዟቸው ከተመለሱ ገና ጥቂት ወራት ሆኗቸው ነበር። ስለዚህ «ሰላም» የሚለውን የስሙን ክፍል የውጭ አገር ሰው በጄኔቫ ቋንቋ ሊተረጕመው ይችላል።

ያገር ሰው ግን ስሙን በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ከልደት በዓል በፊት ያሉት ሦስቱ እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። «ብርሃን» የተባለው እሑድ ነቢያት ብርሃን እንዲላክላቸው የለመኑት ልመና የሚታሰብበት ነው። በ1917 ዓ.ም. ይህ እሑድ የዋለው ታኅሣሥ 19 ቀን ነበር፤ ኖላዊ ደግሞ ታኅሣሥ 26 ቀን ዋለ። ጋዜጣው የወጣው እንግዲህ በዚሁ በብርሃን ሳምንት ውስጥ፣ ከልደት 6 ቀን አስቀድሞ ነው። በዓሉ ሲደርስም ሰው ለሰው «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ» ይባባላል፤ ሁለቱ የጋዜጣው ቃላት በዚህ አንድ ሰላምታ ውስጥ አብረው ይገኛሉ። ከዚህም በላይ «ሰላማ ከሣቴ ብርሃን» የሚለውን የጥንቱን ጳጳስ ስም ያስታወሰ ሰው፣ በአዲሱ ጋዜጣ ስም ውስጥ ያንኑ ድምፅ ይሰማል። ይህን የዕለታት መገጣጠም ስለ መሥራቹ አሳብ ማስረጃ አድርገን አናቀርበውም፤ ስለ አንባቢው ጆሮ ግን ብዙ ይናገራል። የዘመኑ አንባቢ አብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለው ነበርና፣ የጋዜጣው ስም ለእርሱ የታወቀ የዜማ ቃል እንጂ የፈረንጅ ነገር አልነበረም።

አሁን ከስሙ ወደ አገባቡ እንለፍ። በዚያ ዘመን የዐማርኛ ጽሑፍ «የትምህርት ብርሃን»፣ «የዕውቀት ብርሃን»፣ «የሥልጣኔ ብርሃን» የሚሉት አነጋገሮች የተለመዱ ናቸው። የሦስቱም ሰዋስው አንድ ነው። ትምህርት፣ ዕውቀት፣ ሥልጣኔ የሚሉት ስሞች ብዙ ክርክር የሚያስነሡ ናቸው፤ የትኛው ትምህርት፣ የማን ሥልጣኔ፣ በምን ዋጋ ተብሎ ሊጠየቅባቸው ይችላል። «ብርሃን» ሲጨመርባቸው ግን ጥያቄው ይዘጋል፤ ብርሃንን የሚቃወም ማን ነው? እንዲሁም ቃሉ የሚያስከትላቸውን ግሶች ልብ እንበል። ብርሃን ይፈነጥቃል፣ ያበራል፣ ይገባል፣ ይስፋፋል። በእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ሕዝቡ ባለቤት ሆኖ አይገኝም፤ ወይ ተሳቢ ነው፣ ወይም «ለ» የተጫነበት ተቀባይ ነው። ብርሃን ሰጪ አለ፣ ብርሃን አምጪ አለ፣ ብርሃን የሚበራለት አለ። ጋዜጣው በመቶዎች እንጂ በሺዎች በማይቈጠር ቅጂ በሚታተምበት ጊዜ፣ አንባቢው ራሱን ያገኘው በመካከለኛው ስፍራ፣ በአምጪዎቹ መካከል ነበር።

የብርሃኑ ምንጭ የት እንደ ሆነ ግን ሁልጊዜ አንድ አሳብ አልነበረም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ተመለሱና የጉዟቸውን መጽሐፍ በዚያው ዓመት በ«ጎሐ ጽባሕ» ማተሚያ ቤት አሳተሙ፤ ርእሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ነው። የማተሚያ ቤቱ ስም የንጋት ብርሃን፣ የመጽሐፉ ስም የብርሃን ማደሪያ መሆኑን ልብ ይሏል። «ማኅደር» የመጻሕፍት መያዣ የቆዳ ከረጢት ስም ነው፤ የሥላሴ፣ የእመቤታችን ማደሪያ ሲባልም በግእዝ ድርሰት የታወቀ ነው። ደራሲው ይህን የቅድስና ቃል ክርስቲያን ላልሆነች፣ በራሷ ባህል ጸንታ ለሠለጠነች አገር ሰጧት። በዚህ አንድ ርእስ ሁለት ነገር ተፈጸመ፤ ብርሃን ከአውሮፓ ብቻ የሚመጣ አለመሆኑ ተነገረ፤ ደግሞም ብርሃን ከሃይማኖት ትርጓሜው ተለይቶ የመንግሥት ጥበብና የእጅ ሥራ ስም ሆነ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የተሰጠው የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአብዛኛው የጃፓንን የ1889 እ.አ.አ. ሕገ መንግሥት አብነት ማድረጉም ከዚህ አሳብ ጋር የሚሄድ ነው።

የአውሮፓን ታሪክ ለተማረ ሰው በዚህ ላይ ንጽጽር መምጣቱ አይቀርም። ፈረንሳዮች የ18ኛውን መቶ ዓመት አሳብ የሚጠሩት በብዙ ቍጥር «ብርሃኖች» ብለው ነው፤ የጀርመኑ ቃል ደግሞ ከስም ይልቅ ወደ ግስ የቀረበ፣ «ማብራት፣ ማጥራት» የሚል ነው፤ ዛሬ በዐማርኛ «አብርሆት» የምንለው ይኸው ነው። ፈላስፋው ካንት በ1784 እ.አ.አ. ይህን ቃል ሲፈታ፣ ሰው በሌላ ሰው አሳቢነት ከመመራት ወጥቶ በገዛ አእምሮው ለማሰብ መድፈሩ ነው አለ። በአውሮፓ ቃሉ ከቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ጋር ለመከራከር ተነሣ፤ በእኛ ዘንድ ግን ከቤተ ክርስቲያን ተውሶ፣ የቤተ ክርስቲያንን ልብስ ለብሶ መጣ። በአውሮፓ ብርሃኑ በእያንዳንዱ ሰው ራስ ውስጥ ነው ተባለ፤ በእኛ ጋዜጣ ግን ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ታሪኮች በቃላቸው መመሳሰል ብቻ አንድ ማድረግ ስሕተት ነው።

እንግዲህ ዋጋው ምን ነበር? ብርሃን ጨለማን ሳይጠራ አይነገርም። በመጽሐፍ ቅዱስ ጨለማ ማለት ኀጢአትና አለማመን ነው፤ የትኛውም ሰው፣ ንጉሡም ጳጳሱም፣ ሊወድቅበት ይችላል። በአዲሱ አገባብ ግን ጨለማ የሰዎች መኖሪያ ሆነ፤ ትምህርት ቤት ያልገባው ባላገር፣ አባትና እናት ጭምር፣ «በጨለማ ያሉ» ተባሉ። ከሁሉም የሚያስገርመው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዕጣ ነው። ቃሉን ያበደረው እርሱ ሲሆን፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱ ከጨለማው ወገን ተቈጠረ። የቅኔ ቤት ግን ስለ ብርሃን የራሱ የሆነ ሌላ አሳብ ነበረው። ጠልቆ የሚያውቀውን ሊቅ «ዐይናማ» ይለዋል፤ ዐይነ ሥጋው የጠፋ መምህር እንኳ ዐይናማ ሊባል ይችላል። ተማሪውም ምሥጢሩ «ተገለጠለት» የሚባለው ዓመታት ከደከመ በኋላ ነው። በዚህ አነጋገር ብርሃኑ ከውጭ የሚመጣ ስጦታ ሳይሆን በሰውየው ውስጥ በድካም የሚከፈት ዐይን ነው። ጋዜጦቹ ከቤተ ክርስቲያን የወሰዱት የስብከቱን ብርሃን እንጂ የቅኔ ቤቱን ዐይን አልነበረም።

ሌላ መንገድ እንደ ነበረ ግን ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ይመሰክራሉ። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ዋናው ቃል «አእምሮ» ነው። አእምሮ በእርሳቸው አነጋገር ሕዝብ የተፈጥሮን ኃይል ለሥራው የሚያውልበት፣ ድካሙን የሚያቀልበትና ሀብቱን የሚያበዛበት ዕውቀት ነው፤ ከሥራና ከንግድ ጋር የተያያዘ፣ የሚያድግና የሚቀንስ ነገር ነው። አእምሮ የሌለው ሕዝብ በጨለማ ስላለ ሳይሆን፣ በሥራው ፍሬ ሌላው ስለሚጠቀምበት ይደኸያል። ይህ ቃል የምክንያትና የውጤት ክርክር ያስከትላል፤ ተቃዋሚ ሊቃወመው፣ ደጋፊ ሊያስረዳው ይችላል። «ብርሃን» ግን ክርክርን ሳይሆን ምስጋናን ያስከትላል። ለጋዜጣ «ብርሃን» የቀለለው፣ ለታሪክ ግን «አእምሮ» የበለጠ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

የቃሉ አደጋ በግልጥ የታየው በጠላት ዘመን ነው። ኢጣሊያ በ1927 ዓ.ም. ማለቂያ ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው የክስ ጽሑፍ ኢትዮጵያን ያልሠለጠነች አገር አድርጋ ከሰሰቻት። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘች በኋላ ለሕዝቡ በዐማርኛ ካሳተመቻቸው ጋዜጦች አንደኛው «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ»፣ ሌላው «የሮማ ብርሃን» ይባሉ ነበር። ወራሪው አዲስ ቃል መፈልሰፍ አላስፈለገውም፤ ያገሩ ጸሐፊዎች ለመልካም አሳብ ያበጁትን አገባብ ተዘጋጅቶ አገኘው። ብርሃን ሰጪ፣ ብርሃን አምጪና በጨለማ ያለ ሕዝብ የሚሉት ሦስቱ ስፍራዎች እንዳሉ ነበሩ፤ የተለወጠው በሰጪው ስፍራ የተቀመጠው ስም ብቻ ነው። ይህን ስንል የ«ብርሃንና ሰላም» ጸሐፊዎችን ለመውቀስ አይደለም፤ ከእነርሱ ወገን ብዙዎች አገራቸውን ለማዳን የደከሙ፣ በጠላትም እጅ የሞቱ ናቸው። ነገር ግን ሕዝብን «በጨለማ ያለ» ብሎ መጥራት የለመደ ቋንቋ፣ ፋና ይዤ መጣሁ ለሚል ለማናቸውም ሰው በሩን ክፍት አድርጎ እንደሚተው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ከድል በኋላ የጋዜጦች ስም መለወጡ እንግዲህ ሊያስገርመን አይገባም። ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. የወጣው ጋዜጣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መዲናቸው በገቡበት ዕለት ስለ አዲስ ዘመን ከተናገሩት ንግግር ስሙን ወስዶ «አዲስ ዘመን» ተባለ። ከዚያ ዘመን ጋዜጦች ሌላው «ሰንደቅ ዓላማችን» ይባላል፤ ኋላም «የኢትዮጵያ ድምፅ» መጣ። ዘመን፣ ሰንደቅና ድምፅ የነጻ አገር ምልክቶች ናቸው፤ ማንም ከውጭ አምጥቶ ሊሰጣቸው አይችልም። «ብርሃን» ከጋዜጣው ራስጌ ወርዶ በማተሚያ ቤቱ፣ «ብርሃንህ ዛሬ ነው» እንደተባለው የጎልማሶች ትምህርት ቤት ባሉ ስሞችና በመጻሕፍት ላይ ቀረ፤ በ1951 ዓ.ም. የወጣው የተሰማ ሀብተ ሚካኤል የዐማርኛ መዝገበ ቃላት እንኳ ደራሲውን «ከሣቴ ብርሃን» ብሎ ይጠራል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ የብርሃንና የጨለማው አነጋገር እንደገና ጐልቶ ተሰማ፤ ሥርዐተ መንግሥቱ ፈጽሞ ቢለወጥም፣ የዐረፍተ ነገሩ አገባብ ያው የ1917ቱ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ለታሪክ ተማሪ የሚቀረው ምክር አንድ ነው። በአሮጌ ጋዜጣ ላይ «የሥልጣኔ ብርሃን» የሚል ሲያገኝ፣ እንደ ጌጥ ቈጥሮ እንዳያልፈው፤ ሰጪው ማን ነው፣ ተቀባዩ ማን ነው፣ ጨለማ የተባለውስ ምን ነበር ብሎ ይጠይቅ። ጨለማ ከተባለው ውስጥ የመሬት ሥሪት ዕውቀት፣ የመድኀኒት ዕውቀት፣ የሽምግልና ሥርዐት፣ የቅኔ ጥበብ ነበረበት፤ ይህ ማኅበር ዛሬ በየአገሩ እየዞረ የሚለቅመው አብዛኛው ነገር ያኔ በዚህ ስም የተጠራው ነው። ከዚያው ከ«ብርሃን» ሥር የበቀለ፣ የዛሬ ጋዜጣ ሁሉ በየቀኑ የሚጽፈው «ማብራራት» የሚል ሌላ ቃልም አለ። ብርሃን ይሰጣል፤ ማብራራት ግን ሥራ ነው፤ የሚያብራራው ሰው ማስረጃውን ማቅረብ፣ የሚሰማውም መጠየቅ ይችላል። የቀድሞዎቹ ጸሐፊዎች የመጀመሪያውን ቃል አወረሱን፤ የሁለተኛው ሥራ የእኛ ነው።